ለሰማይ ምድጃ አዳራሽ አለቃ፣ እትዬ ራቢዓ ስለሚያደርጉልዎ ዱዓ

ለክቡር የሰማይ ምድጃ አዳራሽ አለቃና ዋና መድኃኒት ቀማሚ፣
ባሉበት፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሺህ ዓመት የሚያኖር ክኒን ለሚቀምም ሰው ጤና መመኘት ድፍረት ቢሆንም፣ ያደግሁበት የይፋት ወግ ሳልጠይቅዎ እንዳልፍ አይፈቅድልኝም። ናጅዋ እባላለሁ፤ የሸዋ ሮቢት ነዋሪ ነኝ። እርስዎ የሚኖሩበትን ቻይናዊ ልብ ወለድ፣ ሰዎች ሞትን ለማሸነፍ ዘመናቸውን ተራራ ላይ የሚደክሙበትን፣ በስልኬ እያነበብኩ ለጎረቤቴ ለእትዬ ራቢዓ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ። አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

፩. አዳራሽዎ፣ በልብ ወለዱ ውስጥ የመድኃኒት ሥር የምትለቅምለትን አሮጊት የሚከፍላት፣ በእናንተ ዘንድ ገንዘብ በሆነው በመንፈስ ድንጋይ ፍርፋሪ ነው፤ ከዚያው ሥር የተቀመመውን ክኒን ግን በድፍን ድንጋይ ካልሆነ አይሸጥላትም። ስለዚህ ረቂቅ የንግድ ጥበብዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የእኛ ደላሎች እንኳ ገና አልደረሱበትም።

፪. ጉልበቷ ሲያብጥ የዘንድሮው ሥር ተለቅሞ እስኪያልቅ እንድትታገሥ አዘዙ። ታገሠች። ገደል አፋፍ ላይ ሞታ ስትገኝ፣ ቅርጫቷ እንዳይጠፋ በማዘዝ ሐዘንዎን ስለገለጹ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫. ይህን ለእትዬ ራቢዓ መንገር አቃተኝ። እሳቸውም ባበጠ ጉልበት ለአንድ ነጋዴ ሽንኩርት እየለዩ በጆንያ ይሞላሉ፤ እሱም ምርቱ ሲነሣ አሳክምዎታለሁ ብሏቸዋል። ስለዚህ ዋሸሁ፤ አለቃው ክኒኑን በገዛ እጃቸው አጎረሷት አልኩ። እትዬ ራቢዓ እጃቸውን ዘርግተው አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው ብለው ዱዓ አደረጉልዎ። ከዚያ ወዲህ በሶላታቸው ሁሉ ያነሡዎታል፤ ለገዛ ጉልበታቸው የሚለምኑበትን ጊዜ ለእርስዎ ሰጥተዋል።

የባሰው ደግሞ፣ ሥራውን ትተው ማጀቴ ከተማ እህታቸው ዘንድ ሄደው ሊታከሙ ቆርጠው ነበር። የእርስዎን ቸርነት ሲሰሙ ግን ሶብር ያደረገ አያፍርም ብለው ታግሠው ቀሩ። ዛሬ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በእርስዎ ላይ የማላክከው ፊታቸውን ማየት ስላፈርኩ ነው።

ስለሆነም፣ በእናንተ አገር ሙት እንደሚነሣ አንብቤአለሁና፣ አሮጊቷን አስነሥተው ክኒኑን እንዲሰጡልኝ፣ ውሸቴም እውነት እንዲሆንልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

የምድጃዎ እሳት አይጥፋ፤ የሰው ጉልበትም አይጉደልብዎ።

የማይገባዎትን ዱዓ ያስደረገችልዎ፣
ናጅዋ፣ ከሸዋ ሮቢት

ከፊርማ በኋላ፦ እትዬ ራቢዓ ይህንኑ የቸርነት ታሪክ ለነጋዴው እንድተርክለት፣ ሰምቶ ልቡ ቢራራ ብለው፣ ለአርብ ከጁምዓ መልስ ቀጥረውኛል። መጽሐፉን በስልኬ የላከልኝ እሱ ራሱ መሆኑን አልነገርኳቸውም። እርስዎን በጣም ያደንቅዎታል።