ጥበቃው ዘንድ ስለቀረችው በርኮታዬ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ጂንካ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ፣ ይልቁንም ወገብዎ፣ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የኮልቾው ሉቃስ ኤርጎ፣ የፊታችን ማክሰኞ መጥቼ የመሬት ርክክቡን ሰነድ እንድፈርም ያዘዙኝ የመንደሩ ተወካይ፣ ከፍርሃቴ በቀር ደኅና ነኝ።

በመጀመሪያ ባለፈው ሳምንት ስላስቀመጡኝ ሶፋ ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲያ ያለ ምቾት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሆኖም ጥቃቅን ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ፣ እኛ የኦሞ ዳር ወንዶች የትም ይዘናት የምንዞረውን ትንሿን የእንጨት መቀመጫ፣ በርኮታዬን፣ ጥበቃዎ ሰው ሊመቱባት ይችላሉ ብሎ በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ስወጣም እሷን ያስቀመጠበትን ክፍል ቆልፎ ምሳ ሄዶ ነበር። ለደኅንነትዎ ማሰቡ ያስመሰግነዋል። እኛ ግን አገር የሚያህል ጉዳይ የምንመክረው በእሷ ላይ ተቀምጠን፣ ጀርባችንን አቅንተን፣ እግራችን መሬት እንደረገጠ ነው።

ሁለተኛ፣ ሶፋው ዋጠኝ። ጉልበቴ አገጬ ሥር ደረሰ፤ እርስዎም ከጠረጴዛው ወዲያ ከፍ ብለው ታዩኝና ሐሳቤ ሁሉ የልጅ ሐሳብ ሆነ። ወንዙ ሲጎድል እናቴ ቦሼ፣ ማሽላ የምትዘራበትን ደለል ትርፍ መሬት ነው ሲሉኝ፣ ከመንደር ይዤው የመጣሁት እንቢታ የት እንደገባ እንጃ፣ እሺ አልኩ። ሦስት ጊዜ አልኩ። ያን ሰዓት ትርፍ መሬት መሆኑን ከልቤ አምኜ ነበር፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ደጅ ወጥቼ ቀጥ ብዬ ስቆም ነው የተናገርኩት የገባኝ።

ሦስተኛ፣ ስብሰባው ዛፍ ሥር ይሁንልን ብዬ ብለምን፣ ፕሮቶኮል አይፈቅድም ተባልኩ። ፕሮቶኮሉን አከብራለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ማክሰኞን ፈርቻለሁ። የፈራሁት እርስዎን አይደለም፣ ራሴን ነው። እዚያ ሶፋ ላይ ከተቀመጥኩ እንደምፈርም አውቀዋለሁ። እናቴ ዘሯን መርጣ ጨርሳ የወንዙን መጉደል እየጠበቀች ነው፤ እሺ ማለቴን ልነግራት አቅቶኛል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ቆሜ እንድናገር እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የወንበርዎን ከፍታ አንገቱ እስኪያመው ያከበረ፣ ይህንንም ደብዳቤ ቆሞ የጻፈ፣
ሉቃስ ኤርጎ፣ ከኮልቾ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምና መንደራችን መጥተው ወንዙን እያዩ፣ ይህን መሬት ማንም አይነካባችሁም ያሉን በዚህችው በርኮታ ላይ ተቀምጠው ነበር። አሁንም ጥበቃዎ ዘንድ አለች። ማክሰኞ እኔ ከመግባቴ በፊት፣ እባክዎ ጥቂት ይቀመጡባት።