የሰባቱ ድንጋዮች ውሃ

ጁን 29

የእረፍት ቀኔ። እማ እንደ ልማዷ ወደ አቶም ቦምቡ መታሰቢያ ፓርክ ጎተተችኝ። እኔ ጠርሙስ ተሸካሚ ነኝ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሊትር የሚይዙ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው የኮረብታ ምንጭ የተቀዱ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። "መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል" ትላለች።

ሰባት የመታሰቢያ ድንጋዮች። አንዱ የተማሪዎች ነው፣ አንዱ የነርሶች፣ አንዱ ስማቸው ላልታወቀ ሰዎች የቆመ... እያንዳንዱ ጋ ቆማ አናቱን በመዳፏ ትዳብስና ታፈሳለች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፣ ወገቧ ጎብጧል፣ ግን ሰባቱንም ሳታዳርስ አትቀመጥም። አንዲት ጎብኚ ጠጋ ብላ "እናቴ፣ ለምንድን ነው ድንጋይ ላይ ውሃ የሚያፈሱት?" አለቻት። "ሞቋቸዋል" አለች እማ። እኔ አሥር እርምጃ ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ የማላውቃት መስዬ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው... አሁንም በእናቴ አፍራለሁ።

"ላብ በላብ ሆነሻል፣ ከውሃው ጠጪ እንጂ" አልኳት። ከቦርሳዋ ፔርሙዝ አውጥታ ሻይ ጠጣች። ሁሌም ሻይ። ንጹሕ ውሃ ስትጠጣ አይቻት አላውቅም። ልጅ ሆኜ ስጠይቃት "ውሃ አይስማማኝም" ብላኛለች። ውሃ የማይስማማው ሰው አለ?

ጁላይ 4

እማ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። አምቡላንስ... ነገ እጽፋለሁ።

ጁላይ 6

ስትሮክ ነው። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም። ንግግሯ ተጎትቷል፣ ግን ይሰማል። ታናሽ እህቴ ኖሪኮ ከኦሳካ መጣች፣ አለቀሰች፣ ሐኪሙን በጥያቄ አጣደፈች፣ ሥራ አለብኝ ብላ ተመለሰች።

እማ ነቃ ስትል "እንዴት ነሽ?" አልኳት። መልሷ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ሰባቱንም አዳርስ።" ቀጥላም "ከፈረቃህ በፊት። ከምንጩ።" እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ጁላይ 7

ሄድኩ፣ ሰባቱንም አዳረስኩ። በዝናብ! ዝናብ እየዘነበ ድንጋይ ውሃ ማጠጣት... ጃንጥላ በአንድ እጅ፣ ጠርሙስ በሌላው። አንድ ሰውዬ ሳቁን እየዋጠ አየኝ። ጥርግ በል አልኩት፣ በሆዴ።

ጁላይ 11

አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ ትራም ስነዳ ውዬ ወገቤ ተቆርጧል። ቦምቡ ያፈረሰው ባለጉልላት ሕንፃ ጋ ያለው ፌርማታ ላይ ስቆም ፓርኩ በመስኮት ይታየኛል፣ ይበቃል አልኩ።

"ሄድክ?"
"ሄድኩ።"
"የምንጩ ነው?"
"የምንጩ ነው።"
"የወይዘሮ ሞሪዋኪ እግር ተሻላት?"

ወይዘሮ ሞሪዋኪ ፓርኩን በበጎ ፈቃድ የምትጠርገዋ ሴትዮ ናት። "እንዴታ! እየሮጠች ነው" አልኳት።

ጁላይ 12

ተጋለጥኩ። የእማ ነርስ ሲስተር ሂጋኪ ነገረችኝ። ወይዘሮ ሞሪዋኪ ትናንት ጠዋት እማን ልትጠይቅ መጥታ ነበር፣ በክራንች! ማለት እማ ያን ጊዜ ስትጠይቀኝ ሁሉን ታውቅ ነበር። ዛሬ ስገባ አየችኝ፣ አየችኝና "እየሮጠች" አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከነገ ጀምሮ እሄዳለሁ። በእውነት።

ጁላይ 15

ሄጃለሁ፣ ሦስቱንም ቀን። ይህም ይጻፍልኝ።

ሐኪሙ ቢሮው ጠራኝ። እማ የመዋጥ ምርመራውን አላለፈችም። የምትውጠው ወደ ሳንባዋ ነው የሚሄደው። ከእንግዲህ ምግቧ በአፍንጫ ቱቦ ነው። ከአልጋዋ በላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ በአፍ ምንም አይሰጥ፣ ውሃም ቢሆን። "አንድ ጉንጭ ሳንባዋ ከገባ የሳንባ ምች ነው፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ..." አላስጨረስኩትም።

ጁላይ 19

አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሻይ መስሎኝ ሲስተር ሂጋኪን አስፈቅጄ፣ ከንፈር የሚያረጥቡባትን ትንሽ ስፖንጅ ሻይ ውስጥ ነክሬ አቀረብኩላት። ፊቷን አዞረች።

"ሻይ አይደለም። ውሃ።"

ውሃ! በዕድሜዬ ለራሷ ስትጠይቅ ሰምቻት የማላውቀውን። ለምን አሁን?

"አይቻልም እማዬ፣ ሐኪሙ ከልክሏል። ሲሻልሽ እሰጥሻለሁ" አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። በጥፊ የመታኋት ያህል ነው ያየችኝ። ምን ክፉ ነገር ተናገርኩ?

ጁላይ 20

ዛሬም ውሃ። ዛሬም እምቢ።

ጁላይ 22

በየሰዓቱ ትለምናለች አሉኝ። ኖሪኮ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እንዳትሳሳት! ሐኪሙ ያለውን ስማ።"
"እስቲ አንቺ መጥተሽ ስሚያት።"
"ደግሞ ጀመርክ! እኔ አውቅሃለሁ፣ አንጀትህ አይችልም። ብትገድላት ይቅር አልልህም፣ ሰማህ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ልክ ናት እኮ። ያናደደኝም ልክ መሆኗ ነው።

ጁላይ 26

ዛሬ የሰማሁትን እንዴት ልጻፍ...

ሰባተኛው ድንጋይ ጋ ወይዘሮ ሞሪዋኪ ክራንቿን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። እማ ውሃ እየለመነችኝ ነው አልኳት። ደነገጠች።

"ውሃ? እናትህ ሺዙኤ ውሃ ጠየቀች? ልትጠጣው?"
"ምን ያስደንቃል?"
"አልነገረችህም እንዴ? የማሳሩን ነገር?"

ማሳሩን አውቀዋለሁ፣ በስም። ቤታችን ባለው የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ ላይ ስሙ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ነው። በቦምቡ ሞተ፣ አለቀ። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

"ስድስት ዓመቱ ነበር" አለችኝ። "ወንዙ ዳር አገኘችው፣ ተቃጥሎ። እሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አንገቷ ላይ ኮዳ አንጠልጥላለች፣ ሙሉ ውሃ። 'እትዬ ውሃ፣ እትዬ ውሃ' ይላታል። ልትሰጠው ስትል አንድ ወታደር አልፎ ሲሄድ 'እንዳትሰጪው! የተቃጠለ ሰው ውሃ ከጠጣ ይሞታል!' አላት። ያኔ ሰው ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነበር። እናትህም አመነች። ሲሻልህ እሰጥሃለሁ፣ ሲሻልህ እሰጥሃለሁ እያለች አብራው ቆየች። በማግስቱ ሞተ። ኮዳው እንደሞላ ቀረ።"

"ለእርስዎ መቼ ነገረችዎት?"
"አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል።"

አሥራ አንድ ዓመት! ለሷ ነግራ ለኔ ለልጇ... ቀናሁ። አዎ ቀናሁ፣ በዚህ ሰዓት። ትራሙ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ሌላው የገባኝ። "ሲሻልሽ እሰጥሻለሁ" ብያት ነበር... ያንኑ ቃል!

ጁላይ 28

እሰጣታለሁ።

ጁላይ 29

አልሰጣትም። ብትሞትስ?

ጁላይ 30

ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ ፌርማታ ዘልዬ አላውቅም። ዛሬ ዘለልኩ። "ወራጅ አለ!" ብለው ሲጮኹብኝ ነው የባነንኩት። አንዲት አሮጊት "ልጄ፣ ፍቅር ይዞሃል?" አለችኝ። ትራሙ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

ኦገስት 2

ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። መዋጥ ትችል ይሆን? "የሚመለስ አይመስለኝም" አለ። ታዲያ እስክትሞት ድረስ ውሃ ክልክል ነው? መነጽሩን ጠረገ። "እኔ አዝዤ ሳንባዋ ውስጥ ቢገባ የገደልኳት እኔ ነኝ" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ያ ወታደርም ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል። ልጁን ያዳነ መስሎት መንገዱን ቀጥሏል።

ኦገስት 6

ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ቦምቡ በፈነዳበት ደቂቃ፣ ትራሙን ድልድዩ ላይ አቆምኩ፣ በየዓመቱ እንደምናደርገው። ተሳፋሪው አንገቱን ደፋ። አንድ ደቂቃ። ሌላ ዓመት ደቂቃዋን ስለ ምሳዬ እያሰብኩ ነው የማሳልፋት፣ ለራሴ ምን አስዋሸኝ። ዛሬ ግን ያ ኮዳ ነው የታየኝ።

ሰባቱን አላዳረስኩም። ውሃውን በንጋት ቀድቼ ነበር፣ ግን ፓርኩ በሰው ጢም ብሏል። ጠርሙሱን እንደያዝኩ ከሰዓት ሆስፒታል ገባሁ። የጎረቤት አልጋ ቴሌቪዥን የጠዋቱን ሥነ ሥርዓት ይደግማል። ከየምንጩ የተቀዳ ውሃ በእንጨት ባልዲ ይቀርባል፣ ውሃ ሲሉ ለሞቱት። እማ ዓይኗን አልነቀለችም።

"ለነሱ ይሰጧቸዋል" አለች። ወደኔ አልዞረችም።

አለቀ፣ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም። ድንጋዮቹን ዛሬ አገር ምድሩ ያጠጣቸዋል። አልጋውን ቀና አደረግኩ፣ ውሃውን ኩባያ ላይ ቀዳሁ፣ ማንኪያ አነሣሁ።

"የምንጩ ነው?" አለችኝ።
"የምንጩ ነው። ዛሬ አልዋሸሁሽም።"

አፏን ከፈተች። አንድ ማንኪያ፣ ዋጠች። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ሳል ያዛት። ጀርባዋን ደግፌ በቁሜ ደረቅኩ... ያን ጊዜ ሲስተር ሂጋኪ ገባች። ማንኪያውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። መጋረጃውን ስባ ዘጋችልንና ወጣች።

ሳሉ አለፈ። እማ ትንፋሿን እያዳመጠች ቆየች።

"አልሞትኩም" አለች።
"አልሞትሽም፣ እማዬ።"
"ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ሹጂ..."

አለቀሰች። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት እንባዋን አይቼው አላውቅም። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በደህናው እጇ ማንኪያውን ጠቆመችኝ። "ድገም።"

ኦገስት 8

ትኩሳት። ሠላሳ ዘጠኝ። ከኔ ማንኪያ ነው? "ደረቷ ከሳምንት በፊትም ጥሩ አልነበረም" አለ ሐኪሙ። እኔን ለማጽናናት ነው? ያውቃል? ሲስተር ሂጋኪ ነገረችው? ኮሪደሩን ስመላለስበት ዋልኩ። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ኖሪኮ መንገድ ላይ ናት። ምን እላታለሁ?

ኦገስት 11

እማ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሞተች። እጇ በእጄ ውስጥ ነበር።

ሲስተር ሂጋኪ በትሪ ላይ ትንሽ ኩባያ ውሃና ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት አመጣች። የመጨረሻ ውሃ። ወጉ ነው፣ ቤተሰብ በተራ የሟቹን ከንፈር ያረጥባል። በአፍ ምንም አይሰጥ የሚለው ወረቀት ገና ከራስጌዋ አልተነሣም። ስትለምን የተከለከለችው፣ ሳትጠይቅ በትሪ ሲመጣላት... ደሜ ፈላ። ግን በማን ላይ ልናደድ?

"ጋሼ፣ ታላቅ ነህ። አንተ ቅደም" አለች ኖሪኮ።
"አንቺ ስጫት። እኔ ሰጥቻታለሁ።"
"መቼ?"
"ስትለምነኝ።"

ገባት። ፊቷ ሲቀያየር አየሁ። ይቅር አልልህም ያለችኝን ቃል እየጠበቅኩ ቆምኩ። ኖሪኮ ጥጡን አነሣች፣ ውሃው ውስጥ ነከረችው።

"ጠጣች?" አለችኝ።
"ጠጣች። ድገም አለችኝ።"

የእማን ከንፈር አረጠበች። ቀስ ብላ፣ ደጋግማ።

ኦገስት 20

ትኩሳቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ? አላውቅም። እስክሞትም የማውቅ አይመስለኝም። በየጠዋቱ ስነሣ ይኸው ነው የሚቀድመኝ።

ፓርኩ ሄድን፣ ከኖሪኮ ጋር። አንዱን ጠርሙስ እሷ ያዘች። ሁለተኛው ድንጋይ ጋ አንድ ጎብኚ ለምን ውሃ እንደማፈስ ጠየቀኝ። "ጠምቷቸዋል" አልኩት። ዞር ስል ኖሪኮ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማለች፣ የማታውቀኝ መስላ። ከልቤ ሳቅኩ። ከሞተችበት ቀን ወዲህ መጀመሪያዬ ነው።

ወይዘሮ ሞሪዋኪ ክራንቹን ጥላለች። አየሁ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። "እየሮጥኩ ነው በላት" አለችኝ።

ቤት ስንመለስ ኖሪኮ ከመሠዊያው ፊት፣ ከእማ ፎቶ ሥር ሻይ አስቀመጠች። በጥሩው ስኒ፣ እንፋሎቱ እየወጣ። ከማሳሩ ስም አጠገብ እማ ራሷ በየጠዋቱ ትቀይርለት የነበረው የውሃ ብርጭቆ አለ። ሁለቱን ትንሽ አየኋቸው። ሻዩን አነሣሁት።

"ምን ታደርጋለህ ጋሼ? እማ እኮ የምትጠጣው ሻይ ነው።"
"ነበር" አልኳት።

ከጠርሙሱ ቀዳሁላት።