ከገመዱ ውስጥ

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ፤

ይህ ወረቀት በጤናና በሰላም ያግኝዎት። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያሉኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቅባት ይቀቡታል ወይስ እንደ ልማድዎ መስኮት ላይ አስቀምጠው ያዩታል? ጋሼስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዓይኔ ደከም ከማለቱ በቀር ምንም አልሆንኩ። መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝ ልጃችን ናት። ጠዋት ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት፣ ለቀኑ የሚበቃኝን መርፌ ክር አስገብታ ቁራጭ ስፖንጅ ላይ ሰክታልኝ ትወጣለች። እናቷም እንዲሁ ታደርግልኝ ነበር።

እትዬ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በስልክ ልመልስልዎ አስቤ ነበር። ግን እውነቱን ልናገርና፣ በስልክ እርስዎን ማን ይቀድማል? እኔ ጉሮሮዬን እስክጠርግ እርስዎ ጨርሰው ይዘጋሉ። ወረቀት ላይ ግን አያቋርጡኝም ብዬ በዚህ መጣሁ።

የጻፉልኝ ነገር ከባድ ነው። ልጅቷ ኳስ ሜዳ ስትጮህ የሚያሳየው ቪዲዮ እናንተ ዘንድ ድረስ መጥቶ የጋሼ ዘመዶች በየስልካቸው ሲቀባበሉት እንዳዩ፣ ከሥሩም «ባል ፈላጊዋ» ተብሎ እንደተጻፈ፣ እርስዎም በሐፍረት የሚገቡበት እንደጠፋዎት ነግረውኛል። «እናት የሌላት ልጅ ስድ ሆነች ከሚሉብን ወይ አስቁማት፣ ወይ ወደ እኔ ላካት፤ እኔ አስተካክላታለሁ» ብለዋል። እርስዎ ለእርሷ በእናቷ ቦታ ነዎት፤ ቃልዎን እንደ ቀላል አላየሁትም። እንዲያውም ልታዘዝዎት ወስኜ ነበር።

ከሥራ ስትመለስ አስቀምጬ ነገርኳት። ሜዳ መሄዱ ይብቃሽ፤ አይሆንም ካልሽ አክስትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ምን እያልኩ እንደምጮህ ሰምተሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ አሰማችኝ። «ግራህን! ግራህን ዝጋ!» ነው የምትለው። ተከላካዩ በግራ በኩል ክፍት ትቶ ነበር አለች፤ አልሰማትም፣ በዚያው ገባባቸው። ስለ አፌ የጻፈው ሰው መዓት ነው፣ ስለ ጎሉ የጻፈ ግን አንድም የለም አለችኝ።

ከዚያም እስከ ዛሬ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። የቡድኑ ደጋፊዎች በስልክ የሚጻጻፉበት ቦታ አለ። እርሷ ስሟን ሳትገልጽ «ሰባት ቁጥር» እያለች እዚያ ስለ ጨዋታው ትጽፍ ነበር። ሰዉ ወደዳት። «ወንድማችን ሰባት ቁጥር ዛሬ ምን ይላል?» እያሉ ይጠብቋት ነበር፤ አንዱማ አግኝቼህ ቢራ ካልጋበዝኩህ ብሎ አስቸግሯት ነበር። ኋላ ሴት መሆኗ ታወቀ። ጽሑፏ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ ንግግራቸው ግን ተለወጠ። «ማን ነው የሚጽፍልሽ?» አሏት። «ለየትኛው ተጫዋች ብለሽ ነው የምትመጪው?» አሏት። ቢራ ልጋብዝህ ያለው ሰው ደግሞ እስቲ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ንገሪን ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ፈተናት።

ታዲያ ነገርሽው ወይ አልኳት። «ነገርኩት አባዬ፤ እርሱ ራሱ በአንዱ ነገር ተሳስቶ ስለነበር አረምኩት። ቪዲዮው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ለመነችኝ። አንድ ቀን አብረኸኝ ሂድና በዓይንህ እይ፤ አይተህ ሂጂ ካልከኝ ሻንጣዬን ራሴ እዘጋለሁ አለችኝ። ሳላይ መፍረድ ለነፍሴም ከበዳት። ጸለይኩበትና እሺ አልኩ።

እትዬ፣ እንደሚያውቁት ዕድሜዬን የመኪና ወንበር ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ኳስ የማውቀው ክብ መሆኑን ነው። ከሜዳው በር ላይ ልጃችን ከቦርሳዋ አረንጓዴ የመቀመጫ ትራስ አወጣች። ከሩቅ አወቅሁት። ከአንድ አውቶቡስ ወንበር በተረፈ ቆዳ ለእናቷ የሰፋሁት፣ ጠርዙን በድርብ ስፌት የዞርኩት ነው። ልብሷን ስናከፋፍል አብሮ የወጣ መስሎኝ ነበር። ይህ ደግሞ ከየት መጣ አልኳት። «የእማዬ ነው» ብላ እየመራችኝ ገባች።

ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት ገመዱን ነው። ከባድ መኪና የሚጎተትበት ዓይነት ወፍራም ገመድ ነው። የደጋፊ ማኅበሩ ወጣቶች ሰደርያ ለብሰው ዙሪያውን ይዘውታል፤ ሴቶቹ በሙሉ ከውስጡ ይቆማሉ። አንድ ጊዜ በግፊያው መሃል ሴት ልጅ ላይ እጁን የሰደደ ሰው ነበርና ጠብ ተነሥቶ፣ ከዚያ ወዲህ የወጣ ሥርዓት ነው አሉኝ። ለክብራቸው ነው አሉኝ። እኔም መጀመሪያ ደግ ሥራ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን የተዘረጋበትን ቦታ ልብ አልኩት፤ ከጥግ፣ ከትልቁ ምሰሶ ጀርባ፣ የማኅበሩ ሰንደቅ ከሚውለበለብበት ሥር። ከዚያ ቆሞ የሚታየው የሜዳው እኩሌታና የወንዶች ጀርባ ነው። ውሃ ልትገዛ የምትወጣ ሴት ሰደርያ ለባሹን አስፈቅዳ፣ እርሱም ተከትሏት ነው። ከገመዱ ውጭ የቆመች ደግሞ አንድ ነገር ቢደርስባት «ማን ውጪ አላት?» ትባላለች።

እኔ ከልጄ ጋር ገባሁ። ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጨዋታው እንደተጀመረ ቢጫ የለበሱት የእኛ መስለውኝ አጨበጨብኩ። ልጃችን እጄን ለቀም አድርጋ «አባዬ፣ በእናትህ፣ በገዛ ሜዳችን አታዋርደኝ» አለችኝ፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከጎኔ ሸምገል ያለች፣ ከስልክ ቤት ሥራ ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። ከዳኛው አብልጣ ስለምታፏጭ ፊሽካ ነው የሚሏት። «ተዪያቸው፣ ያጨብጭቡ፤ ተቃራኒውም ወገን ሰው ነው» ብላ አዳነችኝ።

ጎል ሲገባ አላየሁም። ልጃችንም አላየችም፤ ከፊታችን ያሉት ወንዶች ተቃቅፈው ዘለሉና ግድግዳ ሆኑብን። ግን ጩኸቱ ገና ሳይበርድ ማን እንዳገባውና ከየት እንደተሻገረለት ነገረችኝ። በድምፅ ማጉያው ሲነገር ልክ ነበረች። ልጅቱ ጨዋታን በጆሮዋ ማየት ለምዳለች፣ እትዬ። ሰው ይህንን ሲሰማ ያደንቃል፤ እኔ ግን ዞሬ ምሰሶውን አየሁት።

ከፊት ያሉት ዳኛውን በእናቱ ይሰድቡታል፤ እዚህ ልጽፈው አልችልም። ያው አፍ ወደ እኛ ዞር ይልና «እህቶቻችን፣ ገመዱን አትግፉ፣ ለክብራችሁ ነው» ይላል።

ዕረፍት ላይ የገመዱ አለቃ መጣ። ካቦ ይሉታል። ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ሳቂታ ነው፤ ክፉ ሰው አይመስልም። አባቷ መሆኔን ሲሰማ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። «አባት ማለት እንዲህ ነው! ጎበዝ ልጅ ናት፣ አፏ ነው እንጂ። ይዘዋት ይሂዱ፤ እርሷም ትከበር፣ እኛም እንረፍ» አለኝ። ልወስዳት የመጣሁ መስሎታል። ወዲያው የቆምኩበትን አየና ደነገጠ። ይህ እኮ የሴቶች ቦታ ነው አባቴ፣ ይውጡ፣ ከመሃል መስመሩ ፊት ለፊት ጥሩ ቦታ እንሰጥዎታለን አለኝ። ልጄም ትምጣ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እርሷማ ቦታዋ እዚሁ ነው አለኝ።

ያስቡት እንግዲህ። የትኞቹ የእኛ እንደሆኑ ያልለየሁት ሰውዬ ከፊት ልቀመጥ፤ በጆሮዋ ጎል የምትቆጥረው ልጅ ከምሰሶ ኋላ ትቁም።

ያን ጊዜ እጁን የሰደደውን ሰው ምን አደረጋችሁት አልኩት። ተመክሯል፣ አሁን ሰላማዊ ነው፣ ዛሬም መጥቷል አለኝ።

«ታዲያ ልጄ፣ ገመዱን እርሱ ላይ ማሰር አይቀላችሁም ነበር?»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። እርሱም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከእኔ አነሣ።

ያን ጊዜ ቦታውን እቀበላለሁ አልኩት። ወሰደኝ። ከፊት ረድፍ ካለው የሲሚንቶ መቀመጫ፣ ሜዳው እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ከሚታይበት። አረንጓዴውን ትራስ አነጠፍኩና ልጃችንን ጠርቼ አስቀመጥኳት። ምነው ቢለኝ፣ ቦታው የእኔ አይደለም እንዴ፣ ለልጄ ሰጠሁ አልኩት። አባት ሰጠ ሲባል አፉን ያዘው። እኔም ተመልሼ ገመዱ ውስጥ ገባሁ።

ፊሽካ ወዲያ እያየች ለብቻዋ ትስቃለች። ምን ያስቅሻል ብላት፣ «ያ ትራስ ድሮ ወደ ነበረበት ተመለሰ» አለችኝ።

ገመድ የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት፣ እዚያው ረድፍ ላይ ሁለት እህትማማቾች ይቀመጡ ነበር አለችኝ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ትራስ ይዘው ይመጡ ነበር። ታናሺቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዓይኗ ብቻ ሲሮጥ ነው የምታየው። ታላቂቱን ግን ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰው ይሰማታል፤ ተከላካዮቹ ከአሠልጣኙ ይልቅ እርሷን ይፈሩ ነበር አለችኝ። ምን ትላቸው ነበር ብዬ ጠየቅኋት።

«ግራህን ዝጋ!» አለችኝ ፊሽካ።

እነማን እንደነበሩ አልጠየቅኩም።

እትዬ፣ አረንጓዴ ትራስ ያለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን በዚያ ቆዳ የሰፋሁት ሁለት ብቻ ነው። ያዘዘችኝ እህትዎ ናት። እሑድ እሑድ እርስዎ ዘንድ ስትመጣ፣ እህቴ በረንዳ ላይ ያለው መቀመጫ ይቀዘቅዛል፣ ለእርሷም ለእኔም ስፋልን አለችኝ። ትራሷን ሳጸዳላት ሁልጊዜ ከሥሩ የሲሚንቶ ብናኝ ነበረው። ኋላ እርስዎ ወደዚያ ከተማ ሲዛወሩ ዕቃ ልጭን መጥቼ የበረንዳዎ መቀመጫ እንጨት መሆኑን አይቻለሁ፤ በእነዚህ እጆቼ ተሸክሜ መኪና ላይ ጭኜዋለሁ። ያን ጊዜ ምንም አላልኩም። አሁንም ምንም አልልም።

ራሴን ብቻ እጠይቃለሁ። ለምን አልነገረችኝም? ተቆጥቻት አላውቅም፤ ደጅ አትውጪ ብያትም አላውቅም። ግን ብትነግረኝ ምን እላት ነበር ብዬ ሳስብ፣ ቶሎ የሚመጣልኝ መልስ «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ነው። ይህን ሳልናገረው ከፊቴ ላይ አንብባው ይሆናል። ለነፍሷ በጸለይኩ ቁጥር እጇን አጣጥፋ፣ ጸጥ ብላ ነበር የምትታየኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እየሮጠ ትታየኛለች። ጸሎቴን መሃሉ ላይ ታስረሳኛለች፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ይለኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጃችን አመሰገነችኝ። ትንሽ ሄደን ግን ቆመችና፣ አባት ይዘው ያልመጡትስ አለችኝ። እኔ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ስኩራራ ነበር። ልክ ናት። እርሷ ከፊት የተቀመጠችው ኳስ ስለምታውቅ አይደለም፣ የእኔ ልጅ ስለሆነች ነው። ሌሎቹ እዚያው ምሰሶ ኋላ ቀሩ።

አሁን ሴቶቹ ተነጋግረዋል። ቡድናችን በሜዳው የሚጫወተው የመጨረሻው ጨዋታ ቀርቷል፤ በዚያ ቀን ገመዱ ውስጥ አንገባም፣ ሁላችንም ከፊት ረድፍ እንቀመጣለን ብለዋል። ካቦ ይህን ያደረገች ከማኅበሩ ትሰረዛለች ብሏል። «ከጥንትም ሴት እዚያ ተቀምጣ አታውቅም» ነው ክርክሩ። ፊሽካ ተቀምጣለች ብትለው፣ ማዘር፣ ዕድሜሽ ነው የሚያናግርሽ ብሎ አሳቀባት። እዚያ የተቀመጠ ሌላ ሰው በሕይወት ቢገኝልኝ አፉን አስይዘው ነበር እያለች ትቆጫለች። ልጃችን ፈርታለች። አልፈራሁም ትላለች እንጂ፣ በዚህ ሳምንት መርፌዎቼን ሁሉ ክር ሳታስገባ ረስታ ሄዳለች።

ስለዚህ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጅቷን አልልክልዎትም። ይልቅ እርስዎ ይምጡ። ጉልበትዎን አልረሳሁም፤ የፊቱ ረድፍ ደረጃ የለውም፣ ደግፎ የሚያስገባዎትም አለ። ጋሼ ወዴት ነው ካሉዎት እህቴ ቤት ነው ይበሏቸው። ይህ ምክንያት ከዚህ በፊትም ጥሩ አድርጎ አገልግሏል።

ከወረቀቱ ጋር አንድ አረንጓዴ የትራስ ሽፋን ልኬያለሁ። የድሮው ዓይነት ቆዳ አልተገኘልኝም፣ ቀለሙ ትንሽ ይደምቃል። ልኩን ሳልጠይቅዎት ነው የቆረጥኩት፤ አልሳሳትም። ሲሚንቶ ላይ እንዳይቀዘቅዝዎት ስፖንጁንም ወፈር አድርጌ እጠብቅዎታለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎት። ጋሼን ይጠብቅልን። የእህትዎን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ድምፅዎንም እንደ ቀድሞው ያድርግልን።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ባል