ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ቋንቋ

ገመቹዬ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። በሕይወትህ ሳለህ አንድም ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ለምን እጽፋለሁ። ዛሬ ግን ሳልነግርህ ላልፈው የማልችለው ነገር ገጠመኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ ለጎረቤት አድዬ አድዬ ሰለቸኝ። ሞተር ሳይክልህን የእንስሳት ክሊኒኩ ባልደረባህ ወስዶታል። በደጃችን ሲያልፍ ድምፁን ቀነስ ያደርገዋል፣ እኔ እንዳልደነግጥ ብሎ ነው መሰለኝ። ልጃችን ሲፈን ተመርቃ ኖፓ ጤና ጣቢያ ተመድባለች፤ ቅዳሜ በሚኒባስ መጥታ ሰኞ ማለዳ ትመለሳለች። በቀረው ቀን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእኔ የስፌት መኪና ብቻ ነው።

ከሁሉ የናፈቀኝ ስፓኒሽህ ነው ብልህ ትስቅብኛለህ። በልጅነትህ በመርከብ ኩባ ሄደህ፣ ጎልማሳ ሆነህ ይዘኸው የመጣኸው ቋንቋ መቱ ላይ ለማንም አልፈየደም። ሰው «ገመቹ ኩባ» ይልሃል እንጂ በስፓኒሽ የሚያወራህ አልነበረም። በተጋባን በመጀመሪያው ክረምት ታዲያ አስተማሪ ሆንክብኝ፤ ስፌት ላይ ቁጭ ባልኩበት መርፌውን «አጉኻ»፣ ክሩን «ኢሎ» እያልክ። ምን ያደርግልኛል ብዬ ስነጫነጭብህ፣ የማወራው ሰው ካጣሁ ይጠፋብኛል አልከኝ። አንጀቴን በላኸው። ተማርኩ።

ጥቅሙን በኋላ አየሁት። በእኛ ከተማ እንግዳ ፊት ለመንሾካሾክ አማርኛም አይሆን፣ ኦሮምኛም አይሆን፤ ሁሉም ሁለቱንም ይሰማል። «ኖ አይ ፓን» ስልህ ዳቦ ማለቁ ገብቶህ ጫማህን ትፈልጋለህ። የሲፈንንም ጉዳይ፣ እሷ አጠገባችን እየተጫወተች፣ በዚያው ቋንቋ እንጨርሰው ነበር፤ የበዓል ጫማዋን የት እንደደበቅን፣ አስተማሪዋ ምን ብላ እንደከሰሰቻት። ሆን ብለን አንድ ቃል አላስተማርናትም።

የታመምክ ጊዜም ያንኑ አደረግን። ሐኪሙ ሕመምህ ከእንግዲህ ተስፋ እንደሌለው ነግሮን ከጅማ የተመለስን ቀን፣ ሲፈን ለመውጫ ፈተናዋ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ምሳ ላይ ፊት ለፊታችን ተቀምጣ እየበላች፣ ስለ ዝናቡ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለን፣ ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳንነግራት በስፓኒሽ ተማከርን። ከዚያ «ቴንጎ ሚየዶ» አልከኝ። ፈርቻለሁ። ይህን ቃል ከአፍህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወጥ ጨመርኩልህ። ለእሷ በአማርኛ፣ መድኃኒት ጀምሯል፣ ይሻለዋል አልኳት።

ፈተናው ሳያልቅ ሄድክ። እኔም ልጄን አባቷን ሳትሰናበት አስቀረኋት እያልኩ ይህን ሁሉ ጊዜ ራሴን ስበላ ኖርኩ። ስንት ቅዳሜ ይቅርታ ልጠይቃት ተነስቼ ቃሉ ከአፌ ላይ ተመልሷል።

ያለፈው እሁድ እህትህ እትዬ ጫልቱ ከጎሬ ልጆቻቸውን አስከትለው ሳይነግሩን መጡ። የጓዳው በር ላይ ቆሜ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ለራሴ «ኖ አይ ፓን» አልኩ። ሲፈን ከእንግዶቹ መሐል ተነስታ ነጠላዋን ደረበችና ወጣች። ስትመለስ በፌስታል ዳቦ ይዛለች።

እንግዶቹ እስኪሄዱ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ስጠይቃት ሳቀች። ከመቼ ጀምሮ እንደምትሰማ እሷም አታውቀውም፤ ኦሮምኛውንስ ማን አስተማረኝ፣ ደጅ ስጫወት አይደል የለመድኩት አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚህ አገር ልጅ ቋንቋ የሚማረው በጆሮው መሆኑን የዘነጋን ወላጆች እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። የበዓል ጫማዋን በየዓመቱ ቀድማ ታውቀው ነበር፤ ስንሰጣት ግን ደስ እንዲለን ትዘልልናለች።

የዚያን ቀን ምሳ አነሳሁባት። ሁሉንም እንደሰማች ነገረችኝ። ለእኔ ብላችሁ ስትደክሙ እንዴት ላፍርስባችሁ አለች።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ከዚያ ምሳ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት ደብተሯን ትታ መቀመጫ ዱካዋን አልጋህ አጠገብ አድርጋ፣ ስለ መርከቡና ስለ ኩባ ብርቱካን እርሻ ታስወራህ ነበር። እኔ በሽተኛ ታደክሚያለሽ፣ ሂጂ አጥኚ እያልኩ እቆጣታለሁ፤ አንተ ተያት ትለኛለህ። ዕድሜዋን ረስታ ልጅ ሆነች ብለን ስቀንባታል። ለካ እየተሰናበተችህ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ መርከቡ ላይ ፈርተህ ነበር ወይ ብላ ጠይቃህ፣ አጠገቤ ሰው መጥቶ እስኪቀመጥ ድረስ ብለሃት ነበር አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ከአጠገብህ የማትነሳው።

እኔ ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ፣ እሷ እንባዬን ጠረገችልኝ። አሁን በስፓኒሽ እናወራለን፤ ስሳሳት ታርመኛለች፣ አነጋገሯ ቁርጥ ያንተ ነው። እስካለሁ ድረስ፣ ግማሹ ቃል እየጠፋብኝም ቢሆን፣ ስምህን በዚያ ቋንቋ ሳላነሳ የማድርበት ቀን አይኖርም።

ግን የጻፍኩልህ ለዚህ አይደለም። ያን ቀን ፈርቻለሁ ስትል የሰማሁህ እኔ ብቻ አልነበርኩም። ልጅህም ሰምታ ነው ዱካዋን ያስጠጋችው።

ያንተው አስቴር