ወደ ሰሜን የዞረው ትራስ

ውድ እትዬ ቶኪኮ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንዲህ ብዬ መጀመሬ ራሴንም አሳፍሮኛል። እባክዎ ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ አይጣሉት።

እርስዎ አብረን ከምንሠራበት ከፍልውሃው ማረፊያ በወጡ በወሩ ወገቤን ያዘኝ። መጀመሪያ ብርድ ነው አልኩ። ከዚያ ለእንግዳ ፍራሽ ለማንጠፍ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር እንደ ቢላ ይወጋኝ ጀመር። ቀበቶ ታጠቅኩ፣ መርፌ ተወጋሁ፣ ሦስት ጊዜ ራጅ ተነሳሁ። «አጥንትሽ ደህና ነው» ሲሉኝ ደስ በመሰኘት ፈንታ አለቀስኩ። ውሸታም ያሉኝ መሰለኝ። የማረፊያው እመቤት አዝነውልኝ ወደ መግቢያው በር አዛወሩኝ፤ እዚያ ደግሞ ለገቢ ለወጪው ሁሉ እጅ መንሳት አለ፣ እሱም አቃተኝ።

ባለፈው የበረዶ ወራት አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

«ሕመምሽ እውነት ነው» አለችኝ ከሁሉ አስቀድማ። «ወገብሽ ግን አልተጎዳም። አእምሮሽ አደጋ አለ ብሎ ስላመነ በሕመም እየጮኸ ሊጠብቅሽ ይሞክራል። መቼ መቼ ይብስብሻል?»

«ስጎነበስ።»

«በረዶ ስትዝቂስ?»

እንዳለ ነገርኳት። እናቴ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ግማሽ ቀን በረዶ ስዝቅ ምንም አይለኝም። የሚይዘኝ ፍራሽ ሳነጥፍና እጅ ስነሳ ብቻ ነው።

«ወገብሽማ መጎንበስ ይችልበታል!» ብላ ሳቀች። «ታዲያ ፍራሹ ዘንድ ምን አለ?»

ያለው ስድስት ቁጥር ክፍል ነው፣ እትዬ። እዚያ ያረፉት ሽማግሌ ከሆስፒታል ወጥተው ሊያገግሙ የመጡ ነበሩ። እራት ላይ ሳሉ ፍራሻቸውን አነጠፍኩ፤ ስቸኩል ትራሱን ወደ ሰሜን፣ የሬሳ ራስ በሚደረግበት በኩል አዞርኩት። ሚስትየዋ ገብተው ሲያዩ ጮኹ። «ባሌን በቁሙ ልትገንዙት ነው እንዴ?» እርስዎ ከኋላዬ መጥተው ግንባርዎን ወለሉ ላይ ደፉ። «ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አርጅቼ አቅጣጫው ጠፍቶብኝ ነው» አሉ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በሳምንቱ በዚሁ ሰበብ ከሥራ ተሰናብተው ሻንጣዎን ይዘው ሲወጡ እንኳ «አንቺ ቀርፋፋ፣ ሰሜን በተራራው በኩል ነው፤ ድመት እንኳ ታውቀዋለች» ብለው ቀለዱብኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሟ የሰጠችኝ ልምምድ ቀላል ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጎንበስ፣ ሲያም ቀስ ብሎ እየተነፈሱ «አደጋ የለም» ብሎ ለራስ መንገር። «ለዚህ ነው የከፈልኩት?» ብዬ ተናደድኩ። ግን በሁለት ወሩ ቀበቶውን ፈታሁ፣ በሦስተኛው ፍራሽ ማንጠፍ ጀመርኩ። ዝናብ ሊመጣ ሲል አሁንም ይነካካኛል፣ አልዋሽዎትም። ብቻ አያስፈራኝም።

ትናንት ለእመቤቲቱ እውነቱን ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው እንባ ሞላና «ምነው እስከ ዛሬ?» ብቻ አሉ። 

ሐሙስ በረፋዱ አውቶቡስ እርስዎ ዘንድ እመጣለሁ። በር ቢዘጉብኝ ይገባኛል። አንድ ነገር ግን ይወቁልኝ፤ ይቅርታ መጠየቅን ለወገቤ መድኃኒት ብሎ ያዘዘልኝ የለም። ወገቤ የተሻለው ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ነው። ደጅዎ ላይ እጅ የምነሳው ለእርስዎ ስል ብቻ ነው። «ተነሺ» እስኪሉኝም አልቸኩልም፤ አሁን የፈለጉትን ያህል ጎንብሼ መቆየት እችላለሁ።

ቀርፋፋዋ ቺዩኪ