ሞተሩን ያዞረው እጅ

ሰኞ
ማን ነው ያዞረው? ጠዋት የአቶ ደሳለኝን የሰርግ መኪና ሞተር ለልኬት አመቻችቼ፣ የሞተሩ መዘውር (ፑሌጃው) ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ጋራዡን ቆልፌ ለምሳ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ምልክቱ ከላይ ወደ ጎን ዞሯል። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም ኪሴ ውስጥ። መካኒሳ አቦ ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ማክሰኞ
ቫልቮቹን የሚያስከፍተው የድሮው ካምሻፍት ተበልቶ ስላለቀ ወደ ሮለር ዓይነት እየቀየርነው ነው። የመጣ፦ ካምሻፍቱ፣ እሱ ላይ የሚንከባለሉት ሮለር ታፔቶቹ። የቀረ፦ ከታፔቱ ወደ ቫልቩ የሚገፋው ዘንግ፣ ፑሽሮድ። አዲሱ ታፔት ከድሮው ስለሚረዝም ፑሽሮዱ አጠር ማለት አለበት። ዕቃ አምጪው ቅዳሜ ዱባይ ይሄዳል፤ በልኬቴ አስቆርጦ ያመጣል፣ መመለስ የለም። ከተሳሳትኩ ቫልቮቹ ይጣመማሉ። አቶ ደሳለኝ ደግሞ የሚኖሩት በዚች መኪና ኪራይ ነው።

ጠዋት የፑሽሮዱን ርዝመት ለካሁ። ከምሳ በኋላ ደግሜ ስለካ የአምስት ሚሊ ልዩነት! ምልክቱ እንደገና ዞሯል። ሰይጣንስ ቢሆን ምን ሊያደርግ የሰው ሞተር ይነካል? ቀለድኩ እንጂ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ደግሜ ዳሰስኩ።

ረቡዕ
ባለቤቴ የሺ ራት ላይ "ሦስት ቀን ሙሉ ምሳ ቀርተህ ምን እየበላህ ነው?" አለችኝ። እሷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ሰኞ ሽሮ፣ ትናንት ምስር፣ ዛሬ ጎመን አብረን በላን አይደል እንዴ? ብላት ትኩር ብላ አየችኝ። የጎመኑ ጣዕም እስካሁን አፌ ላይ አለ! ብዬ ጮህኩባት።

በኋላ አባቴን አሰብኩ። እሱም በኔ ዕድሜ ነው የገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ "ይሄ የማን ቤት ነው?" ማለት የጀመረው። ፈራሁ።

ሐሙስ
ከካምሻፍቱ ጋር የሚገጥመው የዲስትሪቢዩተሩ ጥርስ ተረስቷል። አዲሱ ካም ጠንካራ ብረት ስለሆነ የድሮውን ጥርስ ይበላዋል። ነሐስ ይሁን። የጠዋቶቹ ልኬት ስህተት ነው፤ ታፔቱ የካሙ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነበር። አዙሬ አስተካክያለሁ።

ሐሙስ ማታ
ከላይ ያለውን ማን ጻፈው? የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው። ደብተሩ ከቱታዬ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ግን አልጻፍኩም! ከሁሉ የከፋው፣ ትክክል ነው። ጥርሱን ጭራሽ ረስቼው ነበር።

አርብ
ቁልፉንም መለኪያ ካሊፐሩንም ለማህሌት ሰጠኋት። ልጄ ናት፣ አምስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። "አንቺ ለኪ፣ እኔ አልነካም" ብዬ ደብተሩን አስነበብኳት። ሳትለካ አለቀሰች።

ለካስ ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት ሞተሩ ላይ አጎንብሼ ስታየኝ ኖራለች። ለምን ዝም አልሽ? አልኳት።

"ፈራሁ አባዬ። ረቡዕ ገብቼ ምሳ አትሄድም ወይ ስልህ፣ የማን ልጅ ነሽ? አልከኝ።"

"ምን አልሽኝ?"

"ያንተ አልኩህ። ሳቅክና መፍቻውን ሰጠኸኝ። ስሠራ አይተህ፣ አባትሽ ታድሏል፣ እጅሽ ወርቅ ነው አልከኝ።"

ለካች። ሦስቴ ለካች፣ ሦስቴም አንድ ቁጥር። ቁጥሩ ከነሐሱ ጥርስ ጋር ለዕቃ አምጪው ተነገረው። ሰኞ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች፤ እሺ ብያለሁ።

አምስት ዓመት ሙሉ "አጥብቂው፣ አትቸኩዪ" ከሚል ሌላ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያ የረቡዑ ሰውዬ ግን ባንድ ቀን "እጅሽ ወርቅ ነው" አላት። ነገ ጠዋት እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እንዳልረሳው እዚህ ጻፍኩት።