የተመለሰው ወተት

ለልጄ ለራድኮ፣ መርከብህ ባለችበት ባሕር ሁሉ ጤናህ ይብዛልኝ። እኛ እዚህ ቫርና እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ሚስትህ ኔቬና ወንድ ልጅ ወልዳለች። እንዳንተው ችኩል ነው፣ ወሩ ሳይደርስ መጣ። እንኳንም አልጋውን አስቀድመን አልገዛን! ደም አንሶት ሆስፒታሉ ምትክ ደም አምጡ ሲለን፣ ጎረቤታችን ጋንቾ ሄዶ ሰጠልን። አሁን «ከእንግዲህ ዘመዴ ነው፣ ራኪያ አረቄዬን ቅጂልኝ» እያለ መከራዬን ያበላኛል።

ልጅህ ደሙን ሲወስድ ጉንጩ ቀላ። ትናንት በሕፃናቱ ክፍል መስታወት ሳየው ደግሞ ሆዱ ነፋ ብሏል። «የኔ ሆዳም፣ ወፈርክልኝ!» ብዬ ሳቅሁ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። አንጀቱ ይረፍ ብለው ወተት ከልክለውታል። ኔቬና ጡቷን ማለብ አልተወችም፤ እኔም ጠርሙሱን ይዤ እሄዳለሁ፣ እንደ ሞላ ይዤው እመለሳለሁ። ፍሪጁ ውስጥ ለዓሣ እንኳ ቦታ ጠፋ።

ክርስትናውን አንተ ስትመጣ ልናደርግ አልነበር? ዶክተሩ «ቄሱ ነገ ቢመጡ ይሻላል» አለኝ። «አርባ ቀን ሳይሞላው? አንተ ደግሞ የት ያደግህ ነህ?» ብዬ ተቆጣሁት። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«የአባቴ ስም ይውጣለት» ስትለኝ እምቢ ብዬህ ነበር። በዚህ ቤት ያንን ስም ስጠራ ሌላ ሰው አቤት እንዲለኝ አልፈለግሁም። አሁን ግን ይሁን፣ ለቄሱ እሱኑ እነግራቸዋለሁ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሕፃን ማቀፍ ያውቅበት ነበር።

ብርድ እንዳይመታህ ደርበህ ልበስ።

እናትህ ዝላታ